ዝንጅብል አረቄዬ ለምን መረረ? ዎርክሾፕ መግባትስ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ "ሰላም። የምኖረው ለገጣፎ ነው። እህቴ ከሁለት ወር በኋላ ታገባለች፤ ለመልሱ እንግዶችን ቤት ውስጥ በተዘጋጀ መጠጥ መቀበል አማረኝ። ለሙከራ አንድ ሊትር ካቲካላ ገዛሁ። ዝንጅብል፣ በክብ በክብ የተቆረጠ ሎሚ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምሬበት አንድ ወር አስቀመጥኩት። ቡናማ ሆነ፣ ይመራል፣ ምላስም ያደነዝዛል። አሁን እዚሁ አቅራቢያችን ግቢ ውስጥ የሚሰጥ የግማሽ ቀን የኮክቴል ኢንፊውዥን (ቅመምን አልኮል ውስጥ የመዘፍዘፍ) ዎርክሾፕ አለ ብለው ጓደኞቼ እየጎተጎቱኝ ነው። ያዋጣል? ወይስ ራሴ እየሞከርኩ ብማር ይሻላል? ያበላሸሁትንስ ማዳን ይቻላል?"

ምላሽ፦ ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ባርቴንደሮችን ማሠልጠን ሥራዬ ነው። ጥያቄሽን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ምን እንደጨመርሽ፣ እንዴት እንደቆረጥሽ፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳቆየሽ ሁሉንም ጽፈሻል። ብዙ ሰው "መረረብኝ" ብሎ ብቻ ነው የሚልክልኝ። እንዳንቺ ሲጻፍ ግን ችግሩ የት ጋ እንዳለ ሳይቀምሱትም ይታወቃል።

ስለ ዎርክሾፑ በአጭሩ ልንገርሽ። አንድ ቅመም በተለያየ ዕድሜ ተዘፍዝፎ፣ የ6 ሰዓቱ፣ የ1 ቀኑ፣ የ3 ቀኑ፣ የ1 ሳምንቱ ጎን ለጎን ቀርቦ የሚያስቀምሱሽ ከሆነ ሂጂ፣ ገንዘብሽን ያወጣል። የአሠራር ወረቀት አድለው፣ ጠርሙስ ውስጥ ቅመም አስጨምረው፣ ሪባን አስረው የሚሸኙሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ። ያንን እቤትሽ ጠረጴዛ ላይ ትሠሪዋለሽ። በወረቀት የማይገኘው ነገር መቼ ማውጣት እንዳለብሽ የሚያውቅ ምላስ ነው። እሱን ደግሞ ብቻሽን ለመማር ብዙ ጠርሙስና ብዙ ሳምንት ይፈጃል፤ አዘጋጁ ቀድሞ የዘፈዘፋቸውን ጠርሙሶች ደርድሮ ከጠበቀሽ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይገባሻል።

አሁን ወደ መረረው እንሂድ።

ዝንጅብሉ ጥፋተኛ አይደለም። ዝንጅብል ታጋሽ ነው፤ ቢቆይ የበለጠ ያቃጥላል እንጂ እንዲህ አይመርም። የመረረሽ ሎሚው ነው። በክብ ስትቆርጪው ቢጫ ልጣጩም፣ ከሥሩ ያለው ነጩ ክፍልም፣ ዘሩም አብሮ ገባ። ደስ የሚለው የሎሚ ሽታ ያለው ከላይ ባለው ቀጭን ባለ ቀለም ልጣጭ ላይ ነው፣ ዘይቱ እዚያ ነው የተቀመጠው። ነጩና ዘሩ ግን መራራ ነገር አላቸው። አልኮል ደግሞ ይህን ልውሰድ ያንን ልተው አይልም፤ ጊዜ ከሰጠሽው ሁሉንም ይጎትታል። አንድ ወር ሰጠሽው።

ምላስ ያደነዘዘሽ ቅርንፉዱ ነው። ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል የሚባል ንጥረ ነገር አለ፣ የጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት። እናቶቻችንም ጥርስ ሲያመን ቅርንፉድ ንከሱ የሚሉን ያለ ምክንያት አይደለም። 3 ወይም 4 ራስ ቅርንፉድ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት በቂ ነው። ወር ሲቆይ ሌላውን ሁሉ ሸፍኖ እሱ ብቻ ይቀራል። ቡናማው ቀለምና አፍ የሚያደርቀው ስሜት ደግሞ በአብዛኛው ከቀረፋው ነው፤ ቅርፊት እኮ ነው፣ መጀመሪያ ጣፋጭ ሽታውን ይሰጣል፣ ቆይቶ ደግሞ የእንጨት ጣዕሙን።

ስለዚህ ትልቁ ነገር የቅመም ምርጫሽ አልነበረም። ምርጫሽ እንዲያውም ቆንጆ ነው። አራት የተለያየ ሰዓት የሚፈልጉ ነገሮችን በአንድ ጠርሙስ አንድ ላይ ከተሽ አንድ ላይ አወጣሻቸው። ዶሮ ወጥ ስትሠሪ ሽንኩርቱንና እንቁላሉን እኩል ሰዓት ድስት ውስጥ አትከቺም፣ እዚህም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱን ለየብቻው ዘፍዝፊ፣ የደረሰውን አውጪ፣ አጥልዪ፣ ከዚያ በማንኪያ እየለካሽ ቀላቅዪ። አንዱ ቢበላሽ አንዱን ብቻ ነው የምትደፊው። ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይህንን ያዢ።

ለመነሻ የሚሆን ሰዓትና መጠን ልስጥሽ። ሁሉም ለአንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ፣ 40 በመቶ አልኮል ላለው መጠጥ ነው። ዝንጅብል 50 ግራም ያህል፣ ተልጦ በስሱ ተቆርጦ፣ ከ2 እስከ 3 ቀን። የብርቱካን ወይም የሎሚ ልጣጭ፣ ነጩ ሳይነካ በመላጫ ብቻ የተነሳ፣ የ3 ብርቱካን፣ ከ2 እስከ 3 ቀን። ጠጅ ሳር ከሆነ የታችኛውን ነጣ ያለውን ክፍል ትንሽ ቀጥቅጠሽ 3 አገዳ፣ 2 ቀን። ቀረፋ አንድ እንጨት ለ1 ቀን፣ ቢበዛ 2። ኮረሪማ ልጣጩን ፈልቅቀሽ ጣዪውና ዘሩን ብቻ ቀለል አድርገሽ ቀጥቅጪ፣ የ4 ወይም የ5 ፍሬ ዘር ይበቃል፣ 1 ቀን። ጥምዝ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ሁለት ፍሬ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ቅመሺ።

ቅጠላ ቅጠል ሌላ ጉዳይ ነው። በሶብላና ናና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚሰጡትን ሰጥተው ይጨርሳሉ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ የተቀቀለ ጎመን የመሰለ ጣዕም ይመጣል። የጥብስ ቅጠል አንድ ቀንጠብ ብቻ፣ እሱም ለጥቂት ሰዓት። ጦስኝ ከደረቀ ይጠነክራል፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨምረሽ በየሰዓቱ እየቀመስሽ መሄድ ነው ያለብሽ፤ ካሳለፍሽው ጉንፋን ሲይዝሽ የምትጠጪውን ሻይ ሆኖ ያርፋል። ሻይ ቅጠል ከሆነ ደግሞ ከ15 ደቂቃ በኋላ መቅመስ ጀምሪ፣ ከ2 ሰዓት አታሳልፊው። ቃሪያ ወይም የሚጥሚጣ ፍሬ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሊበቃው ይችላል፣ አጠገቡ ቁጭ ብለሽ ነው የምትሠሪው።

ቡና ለብቻው ልጥቀሰው፤ እኛ አገር ሆኖ ይህንን አለመሞከር ያሳዝናል። 60 ግራም ያህል የተቆላ ቡና ሳይፈጭ ጨምሪበትና ከ12 እስከ 24 ሰዓት። አትፍጪው። የተፈጨ ከሆነ በፍጥነት ይመራል፣ ለማጥለልም መከራ ነው። ለዘብ ብሎ የተቆላ ቡና የፍራፍሬ ሽታውን ይዞ ይወጣል፣ የጠቆረው ግን የከሰል ጣዕም ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ለመልስ ቡና ያለበት መጠጥ ማቅረብ እንዴት ደስ እንደሚል አስቢው።

እነዚህ ሰዓቶች መነሻ ናቸው። የገበያ ዝንጅብል እንኳ ከሳምንት ሳምንት ይለያያል። ስለዚህ መቅመስ ነው፣ በየጊዜው፣ በሻይ ማንኪያ፣ በትንሽ ውሃ አቅጥነሽ። ንጹህ 40 በመቶ አልኮል ምላስን ስለሚያቃጥል ጣዕሙን ይደብቅብሻል፤ ግማሽ በግማሽ ውሃ ስትጨምሪበት ግን መራራነቱ ካለ ቶሎ ይሰማሻል። ልክ ነው ብለሽ ስታስቢ አውጪው። "ትንሽ ይቆይ" የሚለው ሐሳብ ነው ብዙ ጠርሙስ የሚያበላሸው። የጎደለ እንደሆነ መልሰሽ መዘፍዘፍ ትችያለሽ፣ ያለፈውን ግን መመለስ አይቻልም።

አሁን ከሁሉም በላይ የምጨነቅበት ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ካቲካላውን የት ነው የገዛሽው?

ይህን የምጠይቅሽ አረቄ ስለምንቅ አይደለም። በባህላዊ መንገድ፣ ከጌሾና ከብቅል፣ በሸክላ ማሰሮ የሚወጣ አረቄ የእናቶች ትልቅ ሙያ ነው፤ ተራና ዳግም እየተባለ የሚለየው፣ ዳግሙ ሁለተኛ ተነጥሮ የሚጠነክረው፣ እሱ ራሱን የቻለ ዕውቀት ነው። ከዚያው የምታውቂያት አውጪ ቤት፣ ስትሠራ እያየሽ የምትገዢው አንድ ነገር ነው። ከተማ ዳር ሱቅ ውስጥ በሃይላንድ ተሞልቶ፣ ከማን እንደመጣ ሳይታወቅ የሚሸጠው ግን ሌላ ነው። ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው፤ ለማጠንከር ወይም ለማብዛት ተብሎ ለኢንዱስትሪ የሚውል አልኮል የተቀላቀለበት እንደሆነ ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል ሊኖርበት ይችላል። ሜታኖል በጠረንም በጣዕምም ከምንጠጣው አልኮል አይለይም። ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን አይቶ "ጥሩ ነው" ማለትም ዋጋ የለውም፤ እሳት መያዙ አልኮል መኖሩን እንጂ ምን ዓይነት አልኮል እንደሆነ አይነግርሽም። በጨርቅ ብታጠልዪው፣ በከሰል ብታሳልፊው፣ ዝንጅብልና ማር ብትጨምሪበት አይወጣም። እንዲያውም ቅመሙ ጥርጣሬውን ሁሉ ይሸፍነዋል።

ምልክቱ ወዲያው ላይመጣ ይችላል። ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ የዓይን ብዥታ የሚጀምረው። ሰው የስካር ማግስት ሕመም (ሃንግኦቨር) ነው ብሎ ይተኛል። በተለይ ዓይን ብዥ ካለ አንድ ደቂቃ ሳይባክን ሆስፒታል መሄድ ነው፤ ዓይነ ስውር ያደርጋል፣ ይገድላልም። ለመልስ ለብዙ እንግዳ የምታቀርቢው ነገር ላይ ይህን ዕዳ አትሸከሚ።

ስለዚህ ለእንግዳ የሚሆነውን በፋብሪካ ታሽጎ፣ የአልኮል መጠኑ ላዩ ላይ በተጻፈ ቮድካ ወይም ጂን ጀምሪ። የአገር ውስጡ ይበቃል፣ ውድ የውጭ ጠርሙስ አያስፈልግሽም፤ ቅመሙ ነው ሥራውን የሚሠራው። ቮድካ የራሱ ጣዕም ስለሌለው ለመማር ይመቻል። 40 በመቶ የሚለውን ፈልጊ። ከዚያ በታች ከሆነ የቅመሙን ዘይት በደንብ አያወጣም፤ ፍራፍሬ ስትጨምሪበት ደግሞ የፍራፍሬው ውሃ ይበልጥ ያቀጥነዋል። ከፋርማሲ የሚሸጠውን ከፍተኛ መጠን ያለው አልኮል ወይም ለሳኒታይዘር የተዘጋጀውን ግን በምንም ምክንያት እንዳትነኪው። ለመጠጥ አልተሠራም።

እሳትም አለ። ለማፍጠን ብለው ጠርሙሱን ምድጃ ላይ ወይም ከሰል ላይ የሚያሞቁ አሉ። አታድርጊው። 40 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ ወደ 26 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ጀምሮ የሚወጣው ትነት ነበልባል ካገኘ ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ የጠራራ ቀን ሙቀት ነው፣ ምድጃ አይጠይቅም። ጠርሙሶችሽ ከጋዝና ከከሰል ራቅ ብለው፣ ጨለማ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀመጡ። በቀን አንዴ ወዝወዝ ማድረግ ነው የሚፈልጉት።

ወደ ዎርክሾፑ ልመለስ። ከመክፈልሽ በፊት ደውዪና ጥቂት ነገር ጠይቂያቸው። መጀመሪያ መነሻ መጠጡ ምንድን ነው በያቸው። የታሸገ ከሆነ ስሙን ይንገሩሽ። "ራሳችን ያወጣነው ነው" ካሉሽ ወይም ቦታው ላይ አረቄ ማውጣት እናሳያለን ካሉሽ ለዚህ ዓላማ አይሆንሽም። ቀጥሎ በተለያየ ዕድሜ የተዘፈዘፉ ናሙናዎች አሉ ወይ፣ ያ ከላይ ያልኩሽ ነው። ከዚያ ስንት ሰው ይኖራል? ከ10 እስከ 12 ሰው ከሆነ አሠልጣኙ እጅሽን ማየት ይችላል፤ 40 ሰው ከሆነ ድግስ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ መላጫ፣ ሚዛንና ጠርሙስ ይኖረዋል ወይስ አንዱ እየሠራ ሌላው ያያል? ዋጋው መጠጡንና ወደ ቤት የምትወስጂውን ጠርሙስ ይጨምራል ወይ? ይህን ሰምተሽ ከአንድ ጠርሙስ ቮድካና ከቅመሙ ዋጋ ጋር አስተያዪው፤ ከዚያ በላይ የምትከፍይው ለትምህርቱ ነው ማለት ነው፣ ይገባዋል አይገባውም የሚለውን ራሷ ሒሳቧ ትነግርሻለች።

እጅ የሚማረው ነገር በእርግጥ አለ። የብርቱካን ልጣጭ ነጩን ሳይነኩ ማንሳት በጽሑፍ ቀላል ነው። እጅሽ ግን መጀመሪያ ላይ በጣም ይጫናል፤ አጠገብሽ ያለ ሰው "አሁን ቀለል አድርጊው" ሲልሽ ነው የሚገባሽ። ኮረሪማን ምን ያህል መቀጥቀጥ እንዳለብሽም እንዲሁ ነው። ዱቄት ካደረግሽው መጠጡ ይደፈርሳል፣ ሳትነኪው ብትጨምሪው ምንም አይሰጥም። ማጥለልም አለ፦ መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያ በንጹህ ነጠላ ጨርቅ፣ በመጨረሻ በቡና ማጥለያ ወረቀት። ጨርቁን አትጭመቂው። በራሱ ጊዜ ይንጠባጠብ፤ ስትጭመቂው ነው መራራውና ድፍርሱ የሚወርደው። ይህን ሁሉ በእጅሽ ሠርተሽ ከተመለስሽ ዎርክሾፑ ዋጋውን ከፍሎሻል።

ከተማ ዳር መሆኑ ደግሞ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ግቢ ካላቸው ጠጅ ሳሩን፣ በሶብላውን፣ ናናውን፣ የጥብስ ቅጠሉን ከመሬት ቆርጠሽ ወዲያው ትዘፈዝፊዋለሽ። በሶብላ ከተቆረጠ በኋላ በሰዓታት ልዩነት ሽታው ይቀንሳል፤ ከገበያ ያደረውንና ከግቢ የተቆረጠውን ጎን ለጎን ብትቀምሺ ልዩነቱ ያስደንቅሻል። ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ ያለ ሰው ቦሌ ፎቅ ላይ ካለው ባርቴንደር የሚበልጥበት ነገር ቢኖር ይህ ነው። በዚህ አንጻር ቦታው ልብሽን ከሳበው አልፈርድብሽም።

ግን ከግቢና ከጫካ የሚለቀመው ነገር ሁሉ ለመጠጥ አይሆንም፣ እዚህ ላይ ጠበቅ ልበል። ጂን የሚሠራው ከጥድ ፍሬ ነው ሲባል ሰምቶ እንጦጦ ወይም መናገሻ ሄዶ የጥድ ፍሬ የሚለቅም ሰው አለ። ለጂን የሚውለው ጁኒፐርስ ኮሚዩኒስ የሚባለው ዓይነት ነው። የእኛው የሐበሻ ጥድ ጁኒፐርስ ፕሮሴራ ነው፣ ዘመዱ ይሁን እንጂ ለምግብ የተለመደ ፍሬ አይደለም። የፈረንጅ ጥድ የምንለው ደግሞ ጭራሽ ጥድ ሳይሆን ሳይፕረስ ነው። ሁለቱንም ተዪ። የጂን ጣዕም ከፈለግሽ ጂን ገዝተሽ ቅመሙን እሱ ውስጥ ዘፍዝፊ። ጤና አዳም በቡና ላይ አንድ ቀንጠብ ብናደርገውም በአልኮል ሲወጣ በጣም ይጠነክራል፤ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፣ መልስ ላይ ማን ነፍሰ ጡር እንደሆነች አታውቂም፣ ስለዚህ ለእንግዳ አታቅርቢው። አጤ ፋሪስ በየአጥሩና በየቆሻሻው ሥር ይበቅላል፣ መርዝ ነው። የማታውቂውን ቅጠል አሠልጣኙ ራሱ ቢያቀርብልሽ ስሙን ሳይነግርሽ አትቅመሺ።

ቀኑን ራሱ በተመለከተ፦ ምሳ በልተሽ ሂጂ። ቅምሻ በማንኪያ ነው፣ መትፋትም ነውር የለውም፣ ባለሙያዎች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። መኪና ይዘሽ አትሂጂ። ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ከዳር ሰፈር ታክሲ ሲመሽ ስለሚሳሳ መመለሻሽን ቀድመሽ አስቢበት። በሕጉ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል አይሸጥም፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ነው ዕድሜው ከ18 ወደ 21 ከፍ ያለው፤ ታናሽሽን ይዘሽ ለመሄድ ካሰብሽ ይህን አስቢ። በዚያው ልንገርሽ፣ ለራስሽ ድግስ መሥራትና መሸጥ ይለያያሉ። መጠጡ ተወዶልሽ ጎረቤት "ሽጭልን" ቢልሽ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

የመረረውን ማዳን ይቻላል ወይ ላልሽኝ፣ በመነሻ መጠጡ ይወሰናል። ካቲካላው ከየት እንደመጣ ካላወቅሽ ድፊው። ያሳዝናል፣ ግን ድፊው። ከምታውቂያት አውጪ የገዛሽው ከሆነ ግን መጀመሪያ ቅመሙን በሙሉ አውጥተሽ አጥልዪ፣ ከዚያ በጠብታ ተጠቀሚበት። መራራ የቅመም ዝፍዝፍ በዓለም ላይ የተከበረ ነገር ነው። አንጎስቱራ የሚባለው በየባሩ የምታይው ትንሽ ጠርሙስ በ1824 ቬኔዝዌላ ውስጥ ዶክተር ዮሃን ዚገርት ለሆድ መድኃኒት ብሎ የቀመመው ነው፤ ዛሬ በጠብታ ኮክቴል ላይ ይደረጋል። ፈርኔትም ከዚሁ ወገን ነው፣ በቅጠላ ቅጠልና በሥራ ሥር የተዘፈዘፈ መራራ መጠጥ። ያንቺም በማርና በሎሚ ጭማቂ ላይ ሦስት አራት ጠብታ ሲደረግ ደስ የሚል ሊሆን ይችላል። ትንሽ ጨው ጣል ብታደርጊም መራራነቱን ያለዝበዋል። በብርጭቆ ሞልቶ ለመጠጣት ግን አይመለስም።

ለመልሱ ደግሞ እንዲህ ብታደርጊ ይሻላል። ሁለት ወር አለሽ፣ በቂ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ጠርሙስ ቮድካ ግዢና በሦስት ትንንሽ የማር ጠርሙሶች ከፋፍለሽ ሙከራ ጀምሪ፦ አንዱ ዝንጅብል፣ አንዱ የብርቱካን ልጣጭ፣ አንዱ ኮረሪማ። ቅመሙን በዚያው ልክ ቀንሺ፤ ሩብ ሊትር ላይ ለ750 ከሰጠሁሽ ሲሶውን ማለት ነው። ጠርሙሶቹ በርበሬ የነበረባቸው እንዳይሆኑ፣ ክዳናቸው ሽታ ይይዛል። ላያቸው ላይ ቀንና ሰዓት ጻፊ። ፕላስቲክ አትጠቀሚ። በ3 ቀን ውስጥ ሦስቱም ይደርሳሉ፣ ታጠልያቸዋለሽ፣ ከዚያ በማንኪያ ትቀላቅያለሽ፦ ሁለት ዝንጅብል፣ አንድ ብርቱካን፣ ግማሽ ኮረሪማ ብለሽ ጀምሪና ወደ ምላስሽ ውሰጂው። የወደድሽውን ልክ ጻፊ። ትልቁን መጠን የምትሠሪው ከመልሱ አንድ ሳምንት በፊት ነው።

አቀራረቡ ቀላል ነው። ማርና ሙቅ ውሃ እኩል በእኩል በጥብጠሽ ማቀዝቀዝ። በአንድ ብርጭቆ 45 ሚሊ ሊትር ዝፍዝፍ፣ 20 ሚሊ ሊትር የማር ብጥብጥ፣ 20 ሚሊ ሊትር የዕለቱ የሎሚ ጭማቂ፣ በረዶ፣ ከላይ 90 ሚሊ ሊትር ያህል አምቦ ውሃ። ይህ በግምት 10 በመቶ አልኮል ይሆናል፣ ከተለመደው ቢራ እጥፍ ማለት ነው፤ ሲጠጣ ግን ስለማይታወቅ ለእንግዳው ንገሪው። ለ40 ሰው ሁለት ሁለት ብርጭቆ ብትይ 5 ባለ 750 ጠርሙስ ይበቃሻል። የሎሚውን ጭማቂ ከቀኑ በፊት አትጭመቂ፣ ያድርና ይመራል። ጾም ላይ ወይም አልኮል ለማይጠጡ፣ ለአዛውንቶችና ለልጆች ዝንጅብሉንና ጠጅ ሳሩን በውሃ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ፣ በማርና በሎሚ ከአምቦ ውሃ ጋር አቅርቢ፤ ይህንን ከቀኑ በፊት ባለው ቀን አፍልተሽ ፍሪጅ ማሳደር ትችያለሽ፣ መብራት ከጠፋ ግን የዕለቱን ዕለት ነው።

ሁለቱ መጠጦች መልካቸው አንድ ነው የሚመስለው። የአልኮሉን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ጽሑፍ ለጥፊበት፣ የሚቀዳውም አንድ አዋቂ ሰው ይሁን፤ ልጆች ራሳቸው እንዳይቀዱ።